ይግፉ፣ ግፊ፣ ግፋ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ውሃ መጣ! ገና ሳይነጋ ቧንቧው ሲያንኮራፋ ሰማሁት። ከአልጋ ዘልዬ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን ሳይቀር ሞላሁ። ሳህሉ ከአልጋው ሳይወርድ «ብርጭቆዎቹ ቀሩ» ይለኛል። ባል ተብዬ… ነገ ፊቱን ሲታጠብ አየዋለሁ።

ሥራ ገባሁ። ሁለት ወሊድ፣ ሁለቱም በሰላም። ከዚያ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ጠራችኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ ልቤ ድንግጥ። ለካ ዘንድሮ የሚድዋይፈሪ ተማሪዎችን የተግባር ሥራ ከሚመዝኑት ሁለት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ! እኔ ሥርጉት! ለራሴ ትናንት የተመረቅሁ ነው የሚመስለኝ… መዛኝ!

አንድ ችግር ብቻ አለ። መዛኝ አይናገርም። እናትየዋ ወይም ልጁ አደጋ ላይ ካልወደቁ በቀር ቃል መተንፈስ የለም፤ ማገዝ የለም፤ በዓይን መጥቀስ እንኳ የለም። ቆሞ ማየትና መጻፍ። ለሳህሉ ስነግረው ጉርሻው ትን ሊለው ነበር። «አንቺ? ዝም ልትዪ?»

እችላለሁ። ለምን አልችልም? ጋዋኔን አጥቤ ሰቀልኩት። ውሃ አለ አይደል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ከሌላኛው መዛኝ ጋር ተዋወቅሁ። መምህር ኒቆዲሞስ፣ ከኮሌጁ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀጭን፣ ሙቅ ውሃ ብቻ የሚጠጡ ሰው። ሲናገሩ ከወረቀት የሚያነቡ ይመስላሉ። ስለ አየሩ ሲያወሩኝም እንደዚያው ነው።

ቼክሊስቱን አብረን አየን። አንደኛው ነጥብ ላይ ኮከብ አለ። «እናቲቱን በሚገባት ቋንቋና በአክብሮት ያነጋግራል፣ ያበረታታል።» ኮከብ ማለት ወሳኝ ማለት ነው፤ እሱን የሳተ ሌላውን ሁሉ ቢሞላም ወደቀ። ሁለታችንም ምልክት ካላደረግንበት አያልፍም። ጥሩ ነጥብ ነው አልኩ በሆዴ። እኛ ስንማር ማን ስለ ማነጋገር ጠየቀን?

ተማሪዎቹንም አየሁ። ባርኮት የሚባል ረጅም ልጅ አለ፤ አፉ አያርፍም፤ እናቶቹ ግን ወደውታል። ከሁሉም ዓይኔ የገባችው ናፊያ ናት። ከኤረር በታች ካለ ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ። እርጉዝ ሆድ ላይ እጇን ስታሳርፍ ማየት ነው! የልጁን ጭንቅላት፣ ጀርባ፣ መቀመጫ አንድ በአንድ አገኘች፤ አልተደናበረችም፣ አልጎረበጠችም። እናትየዋ እንቅልፍ ሊወስዳት ደረሰ።

ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። አንድም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ዛሬ በመለማመጃው አሻንጉሊት ልምምድ። ባርኮት ለአሻንጉሊቱ ቀልድ ነገረው። ናፊያ እጇ ልክ፣ ቅደም ተከተሏ ልክ፣ አፏ ዝግ። መምህር ኒቆዲሞስ ቀስ ብለው ነገሩኝ… ባለፈው ዓመት በዚሁ በኮከቡ ነጥብ ወድቃ ዓመቱን ደግማለች። ዘንድሮ ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች። ሦስተኛ ዕድል የለም።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ኮሪደር ላይ ሲቀላለዱ ሰማሁ። «አይዞህ መጣች! አይዞህ፣ መቀሱን አቀብዪን!» አይዞህ ማለት ናፊያ ናት? ለምን?

ይዣት ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ መሬት መሬቱን እያየች ዝም። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ፊት ስቀመጥ ይብስብኛል፤ ስለ ውሃው ሁሉ አወራሁላት። በመጨረሻ አወጣችው። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ያዋለደቻት እናት የከተማ ሰው ነበረች። ምጡ ሲጠና ናፊያ ደንግጣ «አይዞህ! ግፋ!» ትላታለች። ክፍሉ በሳቅ አበደ። ጽዳቷ፣ ነርሷ፣ ተማሪው። እናትየዋ በምጥ መሃል «ወንድ አደረግሽኝ?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ አይዞህ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ አፏ ይቆለፋል።

በእሷ ቋንቋ በኦሮምኛ «ግፊ» እና «ግፋ» የለም፤ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው። ይህን እያወቅሁ እንኳ… እኔ ራሴ ሳቅ አፍኜ ነው የሰማኋት። አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

መምህር ኒቆዲሞስን ጠየቅኋቸው። ምዘናው እስኪጀመር ማለማመድ ይቻላል አሉ። ሥራዬን ስጨርስ ናፊያን ባዶ ክፍል አስገብቼ… ግፊ። ተንፍሺ። አይዞሽ። እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ። አንድም አልሳተችም! ሰዋስውማ ከእኔ ትበልጣለች።

ታዲያ ምንድን ነው ችግሩ ብላት እንዲህ አለችኝ፦ «ሲስተር፣ ቀስ ብዬ ሳስብ አውቀዋለሁ። ልቤ ሲደነግጥ ግን አፌ ወደ ቤቱ ይሮጣል።»

ይህን የመሰለ አማርኛ የምትናገር ልጅ ናት እንግዲህ አማርኛ አትችልም የምትባለው።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

አገኘሁት! አገኘሁት! ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ብልጭ አለልኝ፤ ብቻዬን ስስቅ ሾፌሩ በመስታወት ያየኛል።

ናፊያ እኔን ስታናግር አትሳሳትም። ለምን? «እርስዎ» ስለምትለኝ! እርስዎ ጾታ የለው። ይግፉ። ይተንፍሱ። አይዞዎት። ወንድ የለ፣ ሴት የለ፣ አክብሮቱ ሞልቶ የተረፈ! ቼክሊስቱ ራሱ «በአክብሮት» አይደል የሚለው?

ሮጬ ነገርኳት። ዓይኗ በራ። አሻንጉሊቱን «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?» ብላ ጀመረች… ወላሂ (ከእሷ ተጋባብኝ) እንደ ወንዝ ወረደች! አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ሳንካ የለ። እኔ አልጋው ላይ ወጥቼ ወላድ ሆንኩላት፤ ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ እጇን ቧጠጥኩ። «አይዞዎት፣ ደርሰዋል፣ ይግፉ!» በዚህ ጊዜ ኃላፊዋ በሩን ከፍታ አየችን። ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ጊደር መጋላ ገበያ ወረድኩ፣ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ ልገዛ። እንደ ሁልጊዜው ከበርበሬ ሻጯ ከዘምዘም ጋር ዋጋ ተጨቃጨቅን። «ቅመስ እህቴ! ወላሂ እንዲህ ያለ አላገኘህም! ውሰድ!» ትለኛለች።

ቆም አልኩ። ዘምዘም እኮ ስንት ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለኝ ኖራለች። አንድ ቀን ስቄባት አላውቅም። ሰምቼው እንኳ አላውቅም። በርበሬ ስትሸጥልኝ ያልሳቅሁ፣ ናፊያ ስታዋልድ የምስቀው ለምንድን ነው?

ይህን እያሰብኩ ቁንዶ በርበሬውን ረሳሁት።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ምዘና ተጀመረ! ጋዋኔ እንደ ካርቶን ደርቋል፣ አዲስ እስክሪብቶ፣ አፌ ዝግ። ባርኮት አለፈ። ወላዷ የአራት ልጆች እናት፤ እሷው ራሷን በራሷ አዋለደች ማለት ይቻላል። መሃል ላይ ጓንቱን መቀየር ሊረሳ ሲል ጉሮሮዬ ውስጥ «ጓንት!» የሚል ቃል ቆሞ ነበር። ዋጥኩት። በኋላ እሱም አስታወሰ። መምህር ኒቆዲሞስ «ጥሩ ዝም ብለሻል፣ ሲስተር ሥርጉት» አሉኝ። የሳህሉን አፍ ያዘጋሁበት ምሽት።

ለናፊያ የሚሆን ወሊድ ዛሬ አልመጣም። ማን ይሆን የሚደርሳት? ከገጠር የመጣች እናት ብትደርሳት በራሷ ቋንቋ ታንበለብለው ነበር። ግን አይመረጥም። ተራ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጽጌ የምትባል ልጅ መጣች። ኤረር በር አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ወጣት፣ ቆንጆ፣ ምላሷ ምላጭ። አክስቷን ደጅ አስቀምጣ ብቻዋን ገባች። ባርኮት ረዳት፣ እኔና መምህር ኒቆዲሞስ ግድግዳ ሥር ቆመናል።

ናፊያ ጥሩ ጀመረች። «እንደምን ዋሉ? ናፊያ እባላለሁ፤ ዛሬ የማዋልድዎት እኔ ነኝ።» በሆዴ አጨበጨብኩ። መረመረች፣ የልጁን ልብ አዳመጠች፣ ሁሉ ልክ። ምጡ እየጠና ሄደ። ጽጌ ማርያምን ትጠራለች፣ ባሏን ትረግማለች፣ መልሳ ማርያምን ትጠራለች። የመግፊያው ሰዓት ደረሰ።

«ይግፉ» አለች ናፊያ። «አይዞዎት፣ ይግፉ።»

ጽጌ ዓይኗን ገለጠች። «ማንን ነው ይግፉ የምትይው? ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ? አሮጊት አደረግሽኝ እኮ!»

አለቀ። የናፊያ አፍ ሲዘጋ አየሁት። የእኔ ብልሃት! የእኔ «አገኘሁት»! ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ በምጥ ተይዛ እንደ አማት ስትጠራ… እንዴት አላሰብኩትም?

ከዚያ ዝምታ። እጆቿ ይሠራሉ፤ ላብ ትጠርጋለች፣ ወገብ ታሻለች፣ ታዳምጣለች። ቃል ግን የለም። ጽጌ ደከመች። «አልችልም፣ ተዉኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምጥ መጣ፣ አልገፋችም። ሌላ መጣ፣ አልገፋችም። ናፊያ አፏን ከፈተች… መልሳ ዘጋችው። ተናገሪ በይ! ተናገሪ! ምላሴን ነክሼ ደም ደም አለኝ። አላስቻለኝም። ወረቀቱን አየሁ፤ አንደኛው ነጥብ፣ ኮከቡ። እጄ ብቻውን ሄዶ ኤክስ አደረገበት።

አዎ። እኔ ነኝ ያደረግሁት።

ናፊያ ጎንበስ ብላ የልጁን ልብ ደግማ አዳመጠች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። ምቱ ቀንሷል። እኔም ወደፊት አንድ እግር አንስቻለሁ፤ ትንሽ ከቆየ ምዘና የለም፣ እንገባለን። ናፊያ የጽጌን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አይዞህ!» አለች። «አይዞህ እህቴ! ልጅህ ደርሷል፣ ግፋ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ባርኮት አንገቱን ደፋ፤ ጆሮው ቲማቲም መስሏል። ማንም አልሳቀም። ጽጌ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

«ምን አልሽኝ?»

ናፊያ ሰምታዋለች። መሳሳቷን ሰምታዋለች። ልታርመው ትችል ነበር። የሚቀጥለው ምጥ ግን እየመጣ ነው፤ እጇ ሆዱ ላይ ነው፣ ከሁላችንም በፊት አወቀችው።

«አይዞህ አልኩህ» አለች። «ግፋ።»

ጽጌ ገፋች። እንዴት ያለ አገፋፍ! ጭንቅላት፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ሴት ልጅ ተንሸራታ ናፊያ እጅ ላይ። መጀመሪያ አላለቀሰችም። ናፊያ እየጠራረገች፣ ጀርባዋን እያሸች በኦሮምኛ ታናግራታለች፤ ዝም ብላ ታናግራታለች፣ የዓመቱን ዝምታ ሁሉ ለዚያች ልጅ ዘረገፈችው። ልጅቷ ጮኸች! እኔም ልጮህ ነበር። እናት ደረት ላይ አሳረፈቻት፣ ጽጌ ደም እንዳይፈሳት መርፌ ተወጋች፣ እትብቱ ተቆረጠ፣ የእንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ወጣ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ። መዛኝ አታልቅስ የሚል ሕግ የለም።

ከዚያ እኔና መምህር ኒቆዲሞስ ለብቻችን ወረቀት ስናስተያይ… የእሳቸው አንደኛ ነጥብ ባዶ ነው። የእኔ ኤክስ። ቀና ብለው አዩኝ። «ወሊዱ ሳያልቅ ወሳኝ ነጥብ አይዘጋም» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። የምወዳትን ልጅ ለመጣል የቸኮልኩት እኔ!

ላስተካክለው ብል በመዛኝ ፍላጎት ብቻ አይስተካከልም አሉ፤ ምክንያት ያስፈልጋል፣ የሁለታችንም ፊርማ ያስፈልጋል። ተንተባተብኩ። ተናግራለች እኮ፣ አበረታታለች እኮ… ስለ ዘምዘም በርበሬ ሳይቀር ነገርኳቸው።

«ተናግራለች» አሉ። «በሚገባት ቋንቋ ነው ወይ? ገፍታለች፣ ስለዚህ ገብቷታል። በአክብሮት ነው ወይ? ይህን ግን አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም።»

እናትየዋን ሄደን እንጠይቅ አሉ። ለካ ይቻላል። ጽጌ እኮ ምላሷ ምላጭ ነው። ወንድ አደረገችኝ ብትልስ?

ልጇን እያጠባች ነበር። መምህር ኒቆዲሞስ አልጋው አጠገብ ቆመው እንደ ልማዳቸው ጥያቄውን አነበቡላት፤ ያዋለደችሽ ተማሪ ያነጋገረችሽ በአክብሮት ነው ወይ? ጽጌ ልጅቷን ቀና አድርጋ አቀፈቻት።

«እናቴ ስታቆላምጠኝ ‹አንተ› ነበር የምትለኝ» አለች። «‹አይዞህ አንተ› ትለኝ ነበር። ካረፈች ወዲህ ማንም እንደዚያ ጠርቶኝ አያውቅም… ተስፋ ቆርጬ ነበር እኮ። እሷ የመጣችልኝ መሰለኝ።»

መምህር ኒቆዲሞስ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። እስክሪብቶዬን ተውሰው የተናገረችውን በቃሏ ጻፉ፣ ፈረሙ፣ እኔም እንድፈርም ሰጡኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ናፊያ አለፈች!!

የነገርኳት እኔ ነኝ። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኤክሱንም ነገርኳት። መደበቅ አልቻልኩም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እኔም ብሆን አደርገው ነበር» አለች። አይመስለኝም። እሷ ትጠብቅ ነበር።

ስትሳሳቺ ሰምተሽዋል አይደል፣ ለምን አላረምሽውም ብዬ ጠየቅኋት።

«ጊዜ አልነበረም ሲስተር። ልጅቷ እየጠበቀች ነበር።»

ባርኮት በሁሉም ፊት ናፊያ ብሎ ጠራት፣ በስሟ። ይቅርታም ጠየቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ሲያጥረው አየሁት።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። አንደኛው ነጥብ ለእኔ ቢሞላልኝስ? «በሚገባት ቋንቋ።» ከገጠር የሚመጡትን እናቶች በምን አናግሬ ነው እስከ ዛሬ ያዋለድኩት? በር ላይ ዘመድ እየጠራሁ፣ በእጅ እያመለከትኩ፣ ሲያቅተኝ ድምፄን እየጨመርኩ። ጮክ ያልኩ እንደሆነ አማርኛው ይገባቸው ይመስል!

ተወልጄ ያደግሁት ሐረር። ገበያ ላይ ዋጋ በኦሮምኛ እከራከራለሁ። አንዲት ሴት ልትወልድ ስትል ግን ከሦስት ቃል አላልፍም።

ናፊያን ለመንኳት። ታስተምረኛለች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ናፊያ የአረፋን በዓል ቤተሰቧ ጋር ውላ ተመለሰች። ዘንቢል ሙሉ ማንጎ ከአባቷ። የሰፈሯ ሴቶች መቼ ነው ጨርሰሽ የምትመጪው እያሉ ጠየቋት፤ አንዷ እሷን ልጠብቅ ብላ ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች አለችኝ። ሳቅን።

ትምህርቱ ከባድ ነው። ምላስ ወደ ላንቃ ተጠቅልሎ የሚወጣ አንድ «ድ» አላቸው። ሳህሉ «ማንጎ ታንቆሽ ነው?» ይለኛል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ነጂባ የምትባል እናት፣ ከደጋው በኩል ወዳጆቿ በባጃጅ አደረሷት። ዛሬ የማዋልደው እኔ፣ ናፊያ ረዳቴ። ዘመድ አልጠራሁም። ስሜን ነገርኳት፣ ምጧ መቼ እንደጀመረ ጠየቅኋት፣ መለሰችልኝ፣ ገባኝ! ልቤ ጮቤ ረገጠ። ናፊያ ጥግ ላይ ቆማ አንድ ቃል አትተነፍስም። ዓይኗን አየሁት… እየመዘነችኝ ነው!

የመግፊያው ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ በረረ። አፌ ወደ ቤቱ ሮጠ። «ዲቢ!» አልኳት። «ዲቢ ነጂባ፣ ዲቢ!»

ነጂባ ላብ በላብ ሆና ቀና አለች። «ማል ዲባ?» አለችኝ።

ከጥጉ ሳቅ ፈነዳ። ናፊያ! ስትስቅ እንዲህ ናት ለካ፣ ትከሻዋ፣ ሆዷ፣ ሁለመናዋ። «ሲስተር… ‹ምን ልቀባ?› ነው የምትልዎት። ‹ቀቢ፣ ቀቢ› እያሏት እኮ ነው!»

‹ግፊ› ልላት ነበር፤ ያቺ የምትጠቀለለው «ድ» ቀጠነችብኝ። ነጂባም ሳቋ መጣ። ጽዳቷ በር ላይ ቆማ ትስቃለች። ጆሮዬ እሳት ሆነ፤ ወይ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ማለት ይህ ነው ለካ… ምላሴን ወደ ላንቃዬ ለመጠቅለል ሞከርኩ፣ አልሆነም። ምጡ ደግሞ እየመጣ ነው፤ ሆዷ ከእጄ ሥር ሲጠጥር ይሰማኛል።

ጊዜ አልነበረም። እጇን በሁለት እጄ ያዝኩና «ዲቢ!» አልኳት ደግሜ።

እየሳቀች ገፋች።